የማን ልጅ ነህ?

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ልጅ ጎሚስታዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። የምሠራው አየር ጤና ነው፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። የሲኖትራክ ጎማ እየፈታን ነበር። ልጁ አሥራ ስድስት፣ ቢበዛ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ሹራብ ደርቧል። የላዩ ክርኑ ላይ ተተርትሯል። ሥራችንን ጨርሰን ቀና እስክንል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጠበቀን። ከዚያ «ሥራ አለ?» አለኝ።

«ዋስ አለህ?» አልኩት።

አስቤ የተናገርኩት አይደለም። «ደህና አደርክ» እንደሚባለው ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ። ልጁ አልተከራከረኝም፣ አልለመነኝም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ የክሪኩን ብረት እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. የኔ ፊት ነበር።

ልጆቼ ታሪኬን በከፊል ያውቁታል። ሙሉውን የሚያውቁት ባለቤቴ እና አንዲት እናት ናቸው። የእናትየዋን ስም አልጽፍም፤ ጠይቄያቸው «ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ያኔም እትዬ ነበር የምላቸው፣ ዛሬም እትዬ ነው የምላቸው።

ሀገሬ ወሎ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ያለች ገጠር። አባቴ ሲሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የነበረን መሬት ለአራት ወንድማማች አይበቃም። ይሄ የብዙ ሰው ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። የ1996 መስቀል እንዳለፈ ደሴ ሄጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከሸዋሮቢት ሙቀት ወጥተን ጣርማ በር ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «አዲስ አበባ ከዚህ ይሻላል» ብለው አጽናኑኝ። አውቶቡስ ተራ የወረድነው ሊጨልም ሲል ነው።

ኪሴ ውስጥ አንዲት ወረቀት ነበረች። የአጎቴ ልጅ ስምና «ምን አለሽ ተራ» የሚል ተጽፎባታል። ሌላ ነገር የለባትም። ምን አለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህ አድራሻ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ በርሜል ተቆልሏል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ሰው በሰው ላይ ነው። ሁለት ቀን ስጠይቅ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው «እሱ እኮ በመተማ አድርጎ ሱዳን ከሄደ ዓመት አለፈው» አለኝ። በዚያው ቀን ማታ ካርቶን ፈልጌ በረንዳ ላይ ተኛሁ።

በረንዳም ባለቤት አለው። መጀመሪያ የመጣው ልጅ ግድግዳው ጥግ ይተኛል፤ አዲስ የመጣው ነፋሱ በሚገባበት ጫፍ። ማዳበሪያ ያለው ይለብሳል። የሌለው ጉልበቱን ታቅፎ ያድራል። ቀን ቀን ሸክም እሸከም ነበር፤ ሸክም ሲጠፋ ቡሌ እንበላለን። ቡሌ ከየሆቴሉ የተራረፈው ምግብ ነው። ለማያውቀው ሰው እንዴት እንደሚሸት አልነግረውም። ማታ ማስቲሽ በፕላስቲክ እየተዞረ ይሳባል፤ ብርዱንም ረሃቡንም ያስረሳል። እኔም ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። አስመለሰኝ። ከጓደኞቼ የበለጥኩ ሆኜ አይደለም። ሆዴ ባይመልሰው ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን አላህ ነው የሚያውቀው።

እዚያ ስሜን የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ዕቃ የሚያሸክመኝ «አንተ ኩሊ» ይለኛል። ጓደኞቼ «ወሎዬው» ይሉኛል። የሱቅ ዘበኛ ደግሞ ምንም አይለኝም፤ ሊነጋ ሲል ውሃ ይደፋብናል።

እትዬን ያገኘኋቸው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለበት ብርድ። ማታ ትልልቆቹ ልጆች ከቦታዬ አባርረውኝ ነበር። ስዞር ስዞር አንዲት በላስቲክ የተጋረደች ጥግ አገኘሁና ገብቼ ተኛሁ። የሻይ መሸጫ ቦታ መሆኑን አላወቅኩም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም የእግር ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ውሃውን ጠበቅኩ።

ውሃ አልመጣም። የከሰል ምድጃ መሬት ሲነካ ሰማሁ። ክብሪት ተጫረ፣ ማራገቢያው ተወዛወዘ።

«ልጄ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግና ጀርባህን ለእሳቱ ስጠው» አሉ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሙቀቱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ ይታወቀኛል። ዛሬም ድረስ ከዚያ የተሻለ ሙቀት አላገኘሁም። ቆይተው «ስምህ ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«የማን ልጅ ነህ?»

«እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም እትዬ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ስሜን ከአባቴ ስም ጋር አያይዘው አንድ ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይረሱት ይመስል። የአባቴን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ጠጥቼ ልሄድ ስነሳ ቢጫ ጀሪካን ሰጡኝ። «በነጻ አትጠጣም። ከቦኖው ውሃ አምጣልኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠዋት ሥራ ነበረኝ። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ከሰሉን ማቀጣጠል፣ አግዳሚውን ማውጣት። ክፍያው ሻይና ሁለት ፓስቲ። ብዙ ሰው ሳንቲም ሰጥቶኛል፤ አልረሳውም፤ አላህ ይስጠው። ሥራ የሰጡኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

በጥቅምት አጋማሽ ረመዳን ገባ። እየጾምኩ መሆኔን አልነገርኳቸውም። በረንዳ የሚያድር ልጅ እጾማለሁ ሲል ሰው ይገረማል፤ ሳልጾምም በቀን አንዴ ነበር የምበላው። ጠዋት ፓስቲውን ስመልስባቸው ግን ገባቸው። ምንም አላሉም። ያን ዕለት ማታ እስከ መግሪብ ሳይሄዱ ቆዩ። እኛ የነበርንበት ቦታ የራጉኤልም ደወል የአንዋር መስጊድም አዛን እኩል የሚሰማበት ነው። አዛኑ ሲጀምር ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረቡልኝ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገርም ነበር። ሦስት ቴምር ነው። ከፊት ለፊት ካለው የጨርቅ ሱቅ ለምነው አምጥተውልኝ ነው።

«በዚህ ነው አይደል የምታፈጥሩት?» አሉኝ።

እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። ሌሊት የሚነሱት ኪዳን አድርሰው ሥራ ለመግባት ነው። ያን ወር ሙሉ ቴምሩ አልተቋረጠም፤ ባለሱቁም ወሬውን ሰምቶ ራሱ ይልክ ጀመር። የኔ ጾም ሲፈታ በዚያው ሰሞን የእሳቸው የነቢያት ጾም ገባ። በተራዬ ወተት የሌለበት ሻይ ቀድቼ አጠጣቸው ነበር።

የካቲት ላይ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያለ አንድ ጎሚስታ ረዳት እንደሚፈልግ ሰማሁ። ደሞዙ በወር 80 ብር ከምሳ ጋር። ዋናው ነገር ግን ማደሪያው ነው፤ ረዳቱ ሱቁ ውስጥ ያድራል። ጣሪያ ማለት ነው። ሄጄ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ዋስ አለህ?» አለኝ።

ተመልሼ ለእትዬ ነገርኳቸው። አቤት ለማለት አልነበረም። ስላልሆነው ነገር እያወራሁ ነበር። እሳቸው ሲኒውን ለቅለቅ አደረጉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ጎሚስታው ጋ የሆነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እንዲህ አላቸው፦ «እናቴ፣ የበረንዳ ልጅ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ማስቲሽ በቆርቆሮ ነው ያለው። ጎማ የምንለጥፍበት እኮ ነው። ሌሊት ከማስቲሹ ጋር ቆልፌበት ልሂድ?»

እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ይህን እፈራ ነበር።

እትዬ ግን መለሱ። «አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ስቀሰቅሰው አፉን አሽትቼዋለሁ። አንድ ቀን ሸትቶኝ አያውቅም።»

ሳይነግሩኝ ሲያዩኝ ነበር ማለት ነው። እኔ እሳቱን ብቻ ነበር የማስበው።

«ዋስ የሚሆነው እኮ ንግድ ፈቃድ ያለው ወይ ደሞዝተኛ ነው» አላቸው ሰውየው። «እርስዎ ሻይ ነው የሚሸጡት። ክሪክ ይዞ ቢጠፋ ከምንዎ እቆርጣለሁ?»

እትዬ ወደኔ ዞረው «አንተ ሂድና ምድጃውን ጠብቅልኝ» አሉኝ። ሄድኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጥተው «ነገ ጠዋት ግባ ብሎሃል» አሉ። እንዴት እንዳሳመኑት ጠየቅኳቸው። «አናገርኩት» ብቻ አሉኝ።

ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሌሊት ጎማ ደርድሬ ካርቶን አንጥፌ ተኛሁ። በሩ ከውጭ ሲቆለፍ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ደግሞ ማንም ሊቀሰቅሰኝ እንደማይችል ገባኝና እስኪነጋ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

እሁድ እሁድ እትዬ ቤት እሄዳለሁ። የቀበሌ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል፣ ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር። ሐምሌ ላይ አንድ እሁድ ዝናቡ ሲወርድ እዚያ ነበርኩ። ቤቱ በሦስት ቦታ ያፈስሳል። አልጋው ተጎትቶ መሃል ላይ ቆሟል። አንዱ ጋ ሳፋ፣ አንዱ ጋ ባልዲ፣ አንዱ ጋ የቲማቲም ጣሳ። ጣሳዋ ቶሎ ቶሎ ስለምትሞላ ትንሿ ልጅ እየሮጠች ትደፋለች። «እትዬ፣ ይሄ ቆርቆሮ ለምን አይቀየርም?» አልኳቸው።

«ይቀየራል። ቁብ ሲወጣልኝ» አሉኝ።

የእሳቸውን ቁብ አውቀዋለሁ። ሻይ፣ ሽንኩርትና ቆሎ የሚሸጡ 30 ሴቶች እሁድ እሁድ አሥር አሥር ብር የሚጥሉበት ነው። ዕጣ የወጣላት 300 ብር ትወስዳለች። እሳቸውም ዋስ እየሆኑ ስንቱን አስወስደዋል። አመንኳቸውና ወሬው በዚያ አለቀ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን የጎሚስታው ባለቤት ጠራኝ። ከመሳቢያው አንድ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። በውስጥ ጎማ ቁራጭ የታሰረ ብር ነው። «ስድስት ወር ሞላህ። ይሄን ለሴትዮዋ አድርስ፤ የሳቸው ነው» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«መያዣህ ነዋ። አልነገሩህም እንዴ?»

ቆጠርኩት። 300 ብር። ቁቡ የወጣላቸው የካቲት ላይ ነበር። ተቀብለው ቤት እንኳ አላስገቡትም። ልጁ ከጠፋ ውሰደው፣ ካልጠፋ በስድስት ወሩ መልስልኝ ብለው ለማያውቁት ሰው አስይዘውታል። ሐምሌን ሙሉ ያቺ ልጅ ጣሳ ስትደፋ የነበረው በኔ ምክንያት ነው። «ቁብ ሲወጣልኝ» ያሉኝ እንዳላፍር ነው።

በዝናብ ሮጬ ሄድኩ። ስሰጣቸው «እሰይ! እንግዲህ ቆርቆሮው ይገዛል» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «ብጠፋስ ኖሮ እትዬ?»

ትንሽ አሰቡ። «ብትጠፋማ ቤቱ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ሲያፈስ የኖረ ቤት ነው» አሉኝ።

ጳጉሜ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ጣሪያው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮውን በእጄ መታሁት።

ሰው ይህን ስነግረው «ወንድ ልጅ ሞቶባቸው ይሆናል፣ አንተን ሲያዩ አስታውሰው ነው» ይለኛል። አይደለም። የሞተ ልጅ የላቸውም። ሀብት የላቸውም። ዘመድ አይደለንም፣ ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፣ ሀገራችን ሌላ ነው። አንድ ልጅ ሥራ ቦታቸው ላይ ተኝቶ አገኙ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ለበጎነት የግድ ምክንያት ሲፈለግለት ደስ አይለኝም።

አሁን እኔ በተራዬ ዋስ የምጠይቅ ሰው ሆኛለሁ። አሠሪዎችን አልኮንንም። ዓምና አንድ ረዳታችን ሁለት ክሪክና የጎማ መፍቻውን ሙሉ ይዞ ጠፋ። ሸሪኬ እስካሁን ሲያነሳው ደሙ ይፈላል። ግን የበረንዳ ልጅ የሚዞርበትን ክብ ውስጡ ላልነበረ ሰው ልንገረው። ሥራ ለመቀጠር ዋስና መታወቂያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ መታወቂያ ለማውጣት ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ ትባላለህ። መሸኛ ለማምጣት የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል። ሥራው ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። አሁን ፋይዳ መጥቷል፤ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ምስክር አማካኝነት መመዝገብ ይችላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን እሱም ቢሆን አብሮህ ሄዶ «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ይፈልጋል። ልጁ የጎደለው ይሄ ነው። ዳቦ የሚሰጠው አያጣም። «አውቀዋለሁ» የሚለው ነው የጠፋው።

ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ረቡዕ ጠዋት ለእትዬ ደወልኩ። ሰፈራቸው ለልማት ከተነሳ ወዲህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት፤ አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ጉልበታቸውን ጎድቶታል። ለእድራቸው ስብሰባ ግን አሁንም መርካቶ ድረስ ይሄዳሉ። ስለ ልጁ ነገርኳቸው። ሹራቡን፣ አቋቋሙን፣ «እሺ ጋሼ» ማለቱን። ጨርሰው ሰሙኝ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ስሙስ?»

ስሙንም አልጠየቅኩትም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ በልቤ ይዤ እየዞርኩ፣ በሬ ላይ ለቆመው ልጅ ስሙን አልጠየቅኩትም። እትዬ አልተቆጡኝም። «በል ፈልገው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ረቡዕ ማታ ፈለግኩት፤ የለም። ሐሙስ ማታም እንዲሁ። ከአየር ጤና እስከ ዘነበወርቅ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በየበረንዳው የተኙትን ልጆች ባትሪ ሳላበራ ለማየት ሞከርኩ፤ ፊት ላይ ባትሪ ሲበራ ምን እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ዓርብ ማታ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በረንዳ ላይ ያቺን የተተረተረች ሹራብ አየሁ። ጫፍ ላይ ነው የተኛው፣ ነፋሱ በሚገባበት። አዲስ ነዋ።

አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ደንግጦ ተነሳና ካርቶኑን ማጠፍ ጀመረ።

«አይዞህ፣ ተቀመጥ። የጎማ ቤቱ ነኝ» አልኩት። «ስምህ ማን ነው?»

ነገረኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

መጀመሪያ አልገባውም። አማርኛው ገና ነው፣ ከወላይታ ነው የመጣው። ደግሜ ጠየቅኩት። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና የአባቱን ስም ነገረኝ። ሳልጠይቀው የአያቱንም ጨመረ።

ቅዳሜ ሥራ ገባ። ሸሪኬ ደስ አላለውም። «ማን ነው ዋሱ?» አለኝ፣ የሠራተኛ መዝገብ የምንይዝበትን ደብተር እያወጣ። እኔ ነኝ አልኩት። ዕቃ ቢጠፋ ከኔ ድርሻ እንዲቆረጥ ጽፌ ፈረምኩ፣ ለስድስት ወር። ምሳ ሰዓት ላይ ለእትዬ ደውዬ ነገርኳቸው።

«የኔንም ስም ጨምርበት» አሉኝ።

ጨመርኩበት። ደብተሩ ላይ «ዋስ» በሚለው ፊት ለፊት ሁለት ስም አለ። ልጁ አሁን ቡሎን በመስቀለኛ ማጥበቅ እየተማረ ነው፤ አንዱን ካጠበቀ በኋላ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ትይዩውን።